ሰከንዷን ውሰዱ፣ ፍርዱን ተዉት፦ በቪዲዮ ለሚሠሩ ምትሃተኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የምትሃትና የእጅ ቅልጥፍና ትርኢት በቪዲዮ ለምታቀርቡ ሁሉ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አንድ ነገር ሲደጋገም ስላየን ነው። ምትሃተኛው ቪዲዮ ይለቃል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሰው «ኤዲት ነው» ወይም «ግራ እጁን እዩት» ብሎ ይጽፋል፤ ምትሃተኛው ይቆጣል፣ ይምላል፣ አስተያየቱን ያጠፋል፣ በማግስቱ ስለ ምቀኞች የሚናገር ሌላ ቪዲዮ ይሠራል። ስህተቱ ግን እዚያው ቪዲዮ ውስጥ፣ እዚያው ሰከንድ ላይ ሳይነካ ይቀመጣል።

ልንላችሁ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ተመልካች የሆነ ነገር ሲጎረብጠው የጎረበጠበትን ሰከንድ ብዙ ጊዜ አይስትም፤ ምክንያቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ከአስተያየቱ ሰከንዷን ውሰዱ፣ ፍርዱን ተዉት። ደብዳቤው ለማንም ክፍት ስለሆነ ከጀማሪ መማሪያ ያለፈ ምሥጢር አናነሳበትም።

መድረክ ላይ ተመልካቹ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ወንበር፣ በእናንተ ፍጥነት ያያል። ቪዲዮ ላይ ዳኛው ሌላ ነው። ዩቲዩብ ፍጥነቱን ወደ 0.25 ያወርድለታል፤ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ቪዲዮውን አቁሞ የእንግሊዝኛውን የኮማና የነጥብ ቁልፍ ሲጫን ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ፎቶ አንድ በአንድ እያየ ወደኋላና ወደፊት ይሄዳል። በሰከንድ 30 ፍሬም በተቀረጸ ቪዲዮ 0.2 ሰከንድ የሚፈጅ ድብቅ ሥራ 6 ፎቶ ማለት ነው፤ በ60 ፍሬም ከተቀረጸ 12። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቪዲዮም ወረቀት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሙከራ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ከታዘዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመካከላቸው የጎሪላ ልብስ ለብሶ ያለፈውን ሰው አላዩትም። የሙያችን ሰዎች ይህን ሙከራ መጥቀስ ይወዳሉ። የሚረሱት ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ጎሪላ እንዳለ ሰምቶ ቪዲዮውን እንደገና ያየ ሰው አይስተውም። «አየሁት» ብሎ የሚጽፍላችሁም ብዙውን ጊዜ መልሶ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ መለኪያ ይኑራችሁ። ያፈተለከው ነገር በተለመደው ፍጥነት፣ በሞባይል ስክሪን፣ ምንም ላልተነገረው ሰው የሚታይ ከሆነ ቪዲዮውን አጥፉና እንደገና ቅረጹ። በ0.25 ፍጥነት ብቻ የሚታይ ከሆነ ተዉት፣ ወደሚቀጥለው ሥራ እለፉ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ኤዲት ነው» የሚለው አስተያየት ከሁሉም ይበዛል፣ ከሁሉም ያናድዳል፣ ከሁሉም በላይ ግን በቀላሉ ይስተካከላል። ሰውየው ይህን የሚለው ሌላ ማብራሪያ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮው ራሱ ሰበብ ሰጥቶታል። እጅ ከምስሉ ወጥቶ ይመለሳል፤ ግማሽ ሰከንድም ይበቃል። ዝምታ ለማሳጠር ተብሎ ንግግሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። ካሜራ የያዘው ጓደኛ የመጫወቻ ካርታው ሊገለጥ ሲል የሰው ፊት ለማሳየት ይዞራል። ከላይ የተጫነ ሙዚቃ የክፍሉን ድምፅ ይውጠዋል፤ የካርታው ኮሽታ፣ የተመልካቹ ሳቅ፣ የወንበሩ ሲጥሲጥታ ሳይቋረጥ መሰማቱ ግን ካላችሁ ማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው ነበር። ብዙ ሞባይሎች ደግሞ በተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ስለሚቀርጹ ፋይሉ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ እንቅፋት እንደመታው ሰው ይንገዳገዳል፤ ያልተቆረጠው የተቆረጠ ይመስላል። የፊት ካሜራው ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጦ ካስቀመጠ የካርታው ፊደልና ቁጥር አብሮ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ማን ያምናል?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ተመልካቹ ካርታውን ከመምረጡ 10 ሰከንድ ቀደም ብላችሁ ጀምሩና እስከ መጨረሻው በአንድ ወጥ ቀረጻ ሂዱ። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ይሁን፤ እጆቻችሁ በሰፊው ሲዘረጉ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ስንዝር ትርፍ ቦታ ይኑር። የክፍሉን ድምፅ አታጥፉት። መቁረጥ የግድ ከሆነ እጃችሁ ባዶ በሆነበት፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ባረፈበት ሰዓት ቁረጡ፤ መቁረጣችሁንም አትደብቁ፣ ምስሉ በግልጽ ይቀየር። ሁለት ካሜራ ካላችሁ በአንድ ጊዜ ቀርጻችሁ የሁለተኛውን ሙሉ ቀረጻ ሳትነኩት ለብቻው ልቀቁ። ለጠርጣሪ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም፤ አንድም የክርክር ቃል አያስፈልገውም።

የማትሠሩት ነገር ደግሞ አለ። ከቪዲዮው ሥር «ምንም ኤዲት የለም፣ ተባባሪ የለም፣ ካሜራው አልተነካም» ብላችሁ አትጻፉ። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው ይጠረጠራል። መድረክ ላይ «ይኸው ተራ ካርታ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ካርታው ተራ ላይሆን እንደሚችል ያላሰበውን ሰው እንደሚያሳስብ ሁሉ፣ «ኤዲት የለም» የሚለው ጽሑፍም ኤዲቱን የሚፈልግ ዓይን ያሠማራል። ጽሑፉ ውሸት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የተቀጠረ ተባባሪ ይዞ «ይህን ሰው አላውቀውም» ያለ ምትሃተኛ አንድ ቀን ሰውየው በሌላ ቪዲዮ ብቅ ሲል እጅ ከፍንጅ ይያዛል፤ ያን ጊዜ በንጹሕ የሠራቸው ሁሉ አብረው ይጠረጠራሉ። ተባባሪ መጠቀም፣ ኤዲት መጠቀምም ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ነው። ነውሩ ያለው «የለም» ብሎ መማል ላይ ነው።

ብርሃንና ሌንስም ትችት ይጠራሉ። በደማቅ ፀሐይ የሞባይል ካሜራ ሹተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ቅጽበት፣ በራሱ ወደ 1/1000 ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊያፈጥነው ይችላል፤ ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም ጥርት ያለ ፎቶ ይሆንና አቁሞ የሚያይ ሰው ጣታችሁን አንድ በአንድ ይቆጥረዋል። በ30 ፍሬም ቀረጻ ሹተሩ 1/60 ላይ ከሆነ የእጅ እንቅስቃሴ ዓይን እንደለመደው በመጠኑ ይደበዝዛል። ይህን በእጅ የሚያስተካክሉ መተግበሪያዎች አሉ፤ ፀሐይ ላይ የግድ ከሆነ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ማጣሪያ ጨምሩ። የፊት ካሜራ እይታው ሰፊ ስለሆነ ወደ ሌንሱ የተጠጋ እጅ ያብጣል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብላችሁ በኋላ ካሜራ ቅረጹ። የካሜራው ከፍታ ፊት ለፊት የተቀመጠ ተመልካች ዓይን ያህል ይሁን፤ ከደረት በታች ካስቀመጣችሁት መዳፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሥር ያየዋል።

አንድ ቦታ ላይ ቀረብ ብለን እንይ። ሁለት ካርታ እንደ አንድ አድርጎ መገልበጥ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ነገር ነው፤ «ሁለት ነው የገለበጥከው» የሚለውም ካርታ ቪዲዮ ሥር የማይጠፋ አስተያየት ነው። ምትሃተኛው ይህን ሲያነብ ስለ ውፍረት ያስባል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ካርታ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ምስላችሁ 50 ሳንቲሜትር ስፋት የሚሸፍን ከሆነ በፉል ኤችዲ ቀረጻ፣ ማለትም በ1920 ፒክሰል ስፋት፣ አንድ ሚሊሜትር 4 ፒክሰል ያህል ይይዛል፤ የአንድ ካርታ ጠርዝ አንድ ፒክሰል ብቻ፣ የሁለት ካርታ ጠርዝ ሁለት ከምናምን ነው። ይህን ልዩነት ሞባይል ላይ የሚለይ ዓይን የለም። ሁለቱ ካርታዎች በአንድ ሚሊሜትር ቢዛነፉ ግን 4 ፒክሰል የሚያህል ነጭ መስመር ይወጣል፤ ቀረጻው በስፋቱ እጥፍ ፒክሰል ያለው ፎር ኬ ከሆነ 8 ይደርሳል። የሚያጋልጠው መዛነፉ እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ከመዛነፉም በላይ የሚያጋልጥ አለ። አስተያየት ሰጪው «0:41 ላይ ሁለት ካርታ ገለበጥክ» ይላል። ሂዱና 0:41ን ተመልከቱ፤ ግልበጣው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አሁን 10 ሰከንድ ወደኋላ ተመለሱ። 0:33 ላይ ዓይናችሁ ወደ እጃችሁ ወርዷል፤ ትንሿ ጣት ከኋላ ቦታዋን ስትፈልግ የእጅ አንጓ ደርቆ ቆሟል፤ ንግግራችሁም ለአፍታ ተቋርጧል። ተመልካቹ የጎረበጠው እዚያ ነው፤ ስም ያገኘለት ግን ውጤቱ ሲገለጥ ነው። ጥርጣሬ የሚጻፈው መገለጫው ላይ ነው፣ የሚወለደው ግን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የተጠቀሰ ሰከንድ ሁሉ ወደኋላ 10 ሰከንድ ይፈተሽ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ያልተለመደ ዝምታ ወይም አንድ ወደ ታች የተወረወረ እይታ ነው።

አስተካክላችኋል ወይስ አላስተካከላችሁም የሚለውን በስሜት አትፍረዱ። ሳንቲም እየወረወራችሁ 10 ግልበጣ ቅረጹ፤ ዘውድ ሲወጣ አንድ ካርታ፣ ጎፈር ሲወጣ ሁለት። ድምፁን አጥፍታችሁ ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሳዩና የትኛው አንድ፣ የትኛው ሁለት እንደሆነ ይገምት። 5 ወይም 6 ቢያገኝ ግምት ነው። በዘፈቀደ ገምቶ 8ና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 5 ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ 8 ካገኘ እጃችሁ አንድ ነገር እየተናገረ ነው ማለት ነው። የቱ እንደነገረው ጠይቁት። «አውራ ጣትህ ትጠነክራለች» ይላችኋል፤ ከ100 አስተያየት የማይገኝ መልስ ነው።

አስተያየቶቹን የምታነቡበትም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያው ቀን አንብቡ እንጂ አትመልሱ። አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ የተጠቀሰው ሰከንድ፣ ሰውየው ያለው፣ እዚያ ሰከንድ ላይ በእርግጥ የሠራችሁት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 10 ሰከንዶች የሆነው። እርስ በርሳቸው ያልተነጋገሩ ሦስት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ቦታው ይስተካከላል። «ያልተነጋገሩ» የምንለው በምክንያት ነው። አንዱ «እጅጌው ውስጥ ነው» ብሎ ከጻፈ በኋላ የሚመጡት ሃያዎቹ እጅጌ ይላሉ፤ ያዩት ቪዲዮውን ሳይሆን አስተያየቱን ነው። ስለዚህ በጊዜ ቅደም ተከተል አስተካክላችሁ ከታች፣ ከመጀመሪያዎቹ ጀምሩ።

ከዚህም የሚሻለው ሳይለቀቅ በፊት መጠየቅ ነው። ቪዲዮውን በሊንክ ብቻ የሚታይ አድርጋችሁ ለ5 ሰዎች ለየብቻ ላኩ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አሪፍ ነው» ይሏችኋል፣ ምንም አላተረፋችሁም። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን እንደሆነ ንገረኝ» በሉ። ሲተርኩት «ካርታዬን መሃል አስገባሁት፣ ከዚያ ላይ አገኘሁት» ካሉ ድብቁ ሥራ ከትዝታቸው ወጥቷል። «ከዚያ ካርታውን እንዲህ አስተካከለውና...» ብለው እጃቸውን ካወናጨፉ ግን አልወጣም።

ዩቲዩብ ለባለቤቱ የሚያሳየው የተመልካች ቆይታ ግራፍም ራሱ አስተያየት ነው፤ ያውም የማይሳደብ። ግራፉ ላይ ድንገት ወደ ላይ የሚወጣ ጉብታ ሰዎች ወደኋላ መልሰው ያዩትን ቦታ ያመለክታል። ጉብታው ካርታው በተገለጠበት ሰከንድ ላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ድብቁ ሥራ ላይ ከሆነ አንድም ሰው «አየሁት» ባይል እንኳ ብዙዎች ጠርጥረዋል። ዩቲዩብ «አልወደድኩም» የሚለውን ቁጥር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ጀምሮ ከሕዝብ ዕይታ ቢያነሳውም ለባለቤቱ ይታያል፤ እኛ ግን ከሱ ይልቅ ጉብታውን እንድታዩ እንመክራለን፤ ቁጥሩ የት ቦታ እንደሆነ አይናገርም።

ምሥጢር የሚያወጣ አስተያየት ሲመጣ ሦስት መንገድ አለ፤ ሁለቱ ይጎዳሉ። መከራከር ይጎዳል፤ መልስና ላይክ የበዛበት አስተያየት ወደ ላይ የመውጣት ዕድሉ ስለሚጨምር በገዛ እጃችሁ ሰገነት ላይ ታወጡታላችሁ። ትክክል የገመተን ሰው «ተሳስተሃል» ማለትም ይጎዳል፤ ቀጣዩ ሰው ፍሬም በፍሬም ሄዶ ያረጋግጠዋል። የሚሻለው ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ነው፦ መልስ የለም፣ ላይክ የለም፤ ከደጋገመው ተጠቃሚውን ከቻናሉ መደበቅ። ዩቲዩብ ላይ የተከለከሉ ቃላት መዝገብ አለ፤ የመሣሪያውን ስም፣ የዘዴውን ስም፣ ሰዎች የሚጽፉበትን የተሳሳተ አጻጻፍ ጭምር ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት እዚያ አስገቡ። ከተለቀቀ በኋላ ማጥፋት ስክሪንሾት ያስነሳል፤ አንዱ ሲጠፋ ሦስት ይተካሉ። የተሳሳተ ግምት ግን በፍጹም አትንኩ። «ማግኔት ነው» ያለ ሰው ማግኔት በሌለበት ትርኢት ላይ የምሥጢራችሁ ዘበኛ ነው፤ ደመወዝ የማይጠይቅ።

ፍርድ ቤት ያድነናል ብላችሁ አታስቡ። ምትሃተኛው ሆራስ ጎልዲን ሴትን በመጋዝ ለሁለት የሚቆርጥበትን ትርኢት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1933 በሲጋራ ማስታወቂያ ያወጣበትን ኩባንያ ከሶ በ1938 ተሸነፈ። እሱ ራሱ በ1923 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሲያወጣ ዘዴውን የሕዝብ መዝገብ ላይ አስፍሮት ነበር። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ምትሃተኛ ቴለር የጽጌረዳዋ ጥላ በቢላ ሲነካ አበባዋ የምትረግፍበትን ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1983 እንደ ድራማ ሥራ በቅጂ መብት አስመዝግቦ ነበርና፣ ሌላ ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሳሳዩን ዩቲዩብ ላይ ለቆ ዘዴውን ለመሸጥ ሲነሳ በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለቴለር ፈረደ። የተጠበቀው የትርኢቱ አቀራረብ እንጂ ዘዴው አልነበረም።

ይህም «የሰው ሥራ ነው የሠራኸው» ወደሚለው ትችት ይወስደናል፤ ይህን ትችት ቸል አትበሉት፤ የሚቀርበው በአብዛኛው ከባለሙያ ስለሆነ። ዘዴው የማን እንደሆነ፣ አቀራረቡና ንግግሩ የማን እንደሆነ ለየብቻ አጣሩ። የገዛችሁት ከሆነ የሽያጭ ውሉን አንብቡ፤ በግል ማሳየት ተፈቅዶ በቴሌቪዥን ወይም በቪዲዮ ማቅረብ የተከለከለበት ብዙ ነው። ጥፋት ካለ በዚያው ቀን የባለቤቱን ስም ከቪዲዮው ሥር አስገቡና የጠቆማችሁን ሰው በአደባባይ አመስግኑ። ይህ ብቻ ነው ፒን ሊደረግ፣ ማለትም ከአስተያየቶቹ ሁሉ በላይ ሊሰካ የሚገባው መልስ።

ለባለሙያ ተቺ ከሚሰጡ መልሶች ሁሉ የከፋው «ፊት ለፊት ሲታይ ምንም አይታይም» የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ሰውየው ግን ያየው ቪዲዮውን ነው፤ የተለቀቀውም ቪዲዮው ነው። በእርግጥ የምትሃተኛ ዓይን የት እንደሚመለከት አስቀድሞ ስለሚያውቅ እሱ ያዘ ማለት ሕዝብ ይይዛል ማለት አይደለም፤ ያንን ግን በሰንጠረዡ ለዩት እንጂ በክርክር አትለዩት። ለመልስ «0:33 ላይ አይቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል። የተተቸውን ቪዲዮ እዚያው እንዳለ ማስተካከልም ያጓጓል፤ ዩቲዩብ ሊንኩን ሳይቀይር መሃሉን ቆርጦ ለማውጣት ይፈቅዳል። አታድርጉት። የተጠረጠረችውን ሰከንድ ቆርጦ ማውጣት «ኤዲት ነው» ላለው ሰው እውነተኛ ኤዲት ማስረከብ ነው።

ስድብ ላይ ብዙ ቃል አናጠፋም፤ አጥፉት፣ እለፉ። «የሰይጣን ሥራ ነው» የሚለው ግን ስድብ አይደለም፣ ከልቡ የሚፈራ ሰው ይጽፈዋል። ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 እንግሊዝ ውስጥ የእጅ ቅልጥፍና ዘዴዎችን በጽሑፍ ያወጣው ሰዎች በጥንቆላ እየተከሰሱ ስለነበር ነው፤ ፍርሃቱ ያን ያህል ዕድሜ አለው። በእንዲህ ያለ አስተያየት ላይ አትቀልዱ፣ «ኃይል አለኝ» እያላችሁም አታባብሱት። «ልምምድ ነው፣ ለመዝናኛ የተሠራ ነው» የሚል አንድ አረፍተ ነገር በትሕትና ጻፉለት።

በመጨረሻ ለእናንተ ለምትተቹት ባለሙያዎች። ዘዴውን በአደባባይ አትጻፉ፤ በግል መልእክት ላኩ። ሰከንዷን ጥቀሱ፣ ከአንድ በላይ ነገር አታንሱ፣ በተለመደው ፍጥነት አይታችሁት እንደሆነ ወይም አቁማችሁ ተናገሩ። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «1:14 ላይ፣ በተለመደው ፍጥነት፣ ሳንቲሙን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሻግሩ የቀኝ ጣቶችዎ ሳይከፈቱ ቀሩ፤ ዓይኔ እዚያ ቀረ።»

ከአክብሮት ጋር፣
የእጅ ቅልጥፍና ትርኢት የምንሠራና የምንፈትሽ ባለሙያዎች